ከትራፓኖው በፊት ካቻቢቴ፦ የቼይንሶው ማርሚታ ለሚበሱ ወንድሞቼ

ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ ስጽፍ የለመዳችሁኝ፣ ዛሬ ስለ ሞተር ሳወራ እንዳትገረሙ። ባህር ዛፍ የተከለ ገበሬ ዞሮ ዞሮ ከመጋዝ ጋር መገናኘቱ አይቀርም። አጠናው፣ ማገሩ፣ ጣውላው ዛሬ ዛሬ የሚወጣው በቼይንሶው ነው። ስለዚህ የመጋዙ ጤና የገበሬው ኪስ ጉዳይ ነው።

የማነሳው በየሄድኩበት የማየውን አንድ ነገር ነው፤ የመጋዙን ማርሚታ፣ ማለትም ጭሱ የሚወጣበትን የቆርቆሮ ሳጥን፣ በትራፓኖ መብሳት። «ሞተሩ እንዲተነፍስ ነው» ይላሉ። አቋሜን ከወዲሁ ልንገራችሁ። አብዛኞቻችሁ ማርሚታውን መንካት ጨርሶ አያስፈልጋችሁም። የበሳ ሰው ደግሞ ካርቡራቶሩን ሳያስተካክል አንድ ግንድ እንኳ መቁረጥ የለበትም። ምክንያቴን ታግሳችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ለምን ይህን እጽፋለሁ?

ባለፈው ዓመት የካቲት ላይ አንድ ወጣት ደወለልኝ። ከሁለት ወንድሞቹ ጋር ሆኖ በአንድ መጋዝ የሰው ባህር ዛፍ እየቆረጡ፣ ጣውላ እየሰነጠቁ የሚኖሩ ልጆች ናቸው። «ጋሼ፣ በያጅ ጋ ወስጄ ማርሚታውን አራት ቦታ አስበሳሁት። ድምፁን ቢሰሙት ሞተር ሳይክል ነው የሚመስለው!» አለኝ። እኔ ስብሰባ ልገባ ነበር። «ከሰራላችሁ ጥሩ ነው» ብዬ ዘጋሁት።

በሦስተኛው ቀን መልሶ ደወለ። «ጋሼ፣ ገመዱ አልሳብ አለ።»

ሄጄ አየሁት። ማርሚታውን ፈተን በጭስ መውጫው ቀዳዳ ወደ ውስጥ ስንመለከት፣ የፒስተኑ ጎን በሚስማር እንደተቧጨረ ሆኗል። ሞተሩ ነክሷል። አባታቸው አጥሩ ስር ቁጭ ብለው ያዩናል። መጋዙ የተገዛው እሳቸው አንድ በሬ ሸጠው ነው። «ልጄ፣ መጀመሪያ ሲደውልልህ ምን አልከው?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። ያን ቀን ያልመለስኩትን ነው ዛሬ የምመልሰው።

ማርሚታው ሲበሳ ውስጥ ምን ይሆናል?

ቼይንሶው ባለ ሁለት ምት ሞተር ነው። እንደ መኪና ለብቻው የተቀመጠ የሞተር ዘይት የለውም። ፒስተኑን የሚያለሰልሰው ዘይት የሚመጣው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ነው። ስለዚህ ወደ ሞተሩ የሚገባው ቤንዚን ሲያንስ ዘይቱም አብሮ ያንሳል። በዚያ ላይ ቤንዚኑ ሲገባ ሞተሩን ከውስጥ ያቀዘቅዘዋል። ቤንዚን ሲያንስ እንግዲህ ሁለት ነገር ይጎድላል፤ ማለስለሻውም፣ ማቀዝቀዣውም።

ቤንዚንና አየር የሚመጥነው ካርቡራቶሩ ነው። ፋብሪካው ሲመጥነው በማርሚታው ስፋት ልክ ነው። ማርሚታው ሲበሳ ጭሱ ቶሎ ይወጣል፣ አዲስ አየርም በብዛት ይገባል። ቤንዚኑ ግን በዚያው ልክ አይከተለውም። ሞተሩ ቤንዚን ይራባል።

የተራበ ሞተር ደግሞ አታላይ ነው። የተራበ በሬ ይዝላል፣ ቀንበር ሲሸከም ይታወቅበታል። የተራበ ሞተር ግን መጀመሪያ ይፈጥናል። ድምፁ ይቀጥናል፣ ይጮሃል፣ ጋዝ ስትሰጡት ወዲያው ይነሳል። ጆሯችሁ «ጉልበት አገኘ» ይላችኋል። ውስጡ ግን እየጋለ፣ ዘይቱ እየሳሳ ነው። ፒስተኑ በሙቀት ያብጣል፣ የዘይቱ ሽፋን ይጠፋል፣ ብረት ከብረት ይፋተጋል። በቃ፣ ነከሰ።

ጣውላ የሚሰነጥቅ ሰው የበለጠ ይጠንቀቅ። ዛፍ መጣል የጥቂት ጊዜ ስራ ነው፤ ሞተሩ በመሃል ያርፋል። ግንድ በቁመቱ መሰንጠቅ ግን ሙሉ ጋዝ ይዞ ለብዙ ደቂቃ ያለ እረፍት መግፋት ነው። እነዚያ ልጆች መጋዛቸው የነከሰባቸው ጣውላ ሲሰነጥቁ ነው።

«እኔ በስቼ ሁለት ዓመት ሰራሁበት» ለሚሉኝ

ይህን የሚሉኝ ሰዎች አሉ፤ ውሸታም አልላቸውም። መጋዛቸው ከተበሳ በኋላ በርግጥም ተሽሎት ይሆናል። ጥያቄው የተሻለው በቀዳዳው ነው ወይስ በሌላ ነው የሚለው ነው። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ እንዲሉ፣ ሥሩን እንመልከት።

እኛ የምንኖረው ደጋ ላይ ነው። እንጅባራ ከባህር ጠለል በላይ ወደ 2,560 ሜትር፣ ደብረ ማርቆስ ወደ 2,450 ሜትር፣ ደብረ ብርሃን ወደ 2,840 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባህር ዳርቻው ሩብ ያህል ያንሳል። አየሩ ሳሳ ማለት ነው። ሞተር ደግሞ የሚሰራው ቤንዚን በአየር አቃጥሎ ነው። ስለዚህ ማንኛውም ባለ ካርቡራቶር ሞተር በየ1,000 ሜትሩ አንድ አስረኛ ገደማ ጉልበቱን ያጣል። ደጋ ላይ ያለ መጋዝ ከፋብሪካው መጽሐፍ ላይ የተጻፈውን ጉልበት አይሰጥም። የተወሰደውን አየር ደግሞ ምንም ቀዳዳ አይመልሰውም።

ሁለተኛው ነገር ይህ ነው። ፋብሪካው ካርቡራቶሩን የመጠነው ለወፍራም አየር ከሆነ፣ እኛ ጋ ሲመጣ አየሩ ቀንሶ ቤንዚኑ ግን ያንኑ ያህል ይቀርባል። ሞተሩ ከልክ በላይ ቤንዚን ይጠግባል። ያጨሳል፣ ይንተባተባል፣ ካንዴላውን ያጠቁራል፣ ጉልበቱ ይሰንፋል። እንዲህ ያለውን ሞተር ማርሚታውን ብትበሱት አየር ይጨምርና ጥጋቡ ይቀንሳል፣ «ነፍስ ዘራ» ያሰኛል። የተሻለው ግን ቀዳዳው አስማት ስለሆነ አይደለም። ከመጀመሪያውም ቤንዚን በዝቶበት ስለነበረ ነው። ያንኑ ለውጥ በካቻቢቴ፣ ከሩብ ዙር ባነሰ እንቅስቃሴ፣ ያለ አንድ ሳንቲም ታገኙት ነበር። ያውም ከፈለጋችሁ ወደ ነበረበት ትመልሱታላችሁ። የተበሳ ቆርቆሮ ግን አይመለስም።

ሌላም አለ። ከእንጅባራ ወደ ቻግኒ ስትወርዱ ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላላችሁ። እዚያ አየሩ ይወፍራል። ደጋ ላይ «ልክ ነው» ተብሎ የተስተካከለ መጋዝ ቆላ ሲወርድ ቤንዚን ይራባል። ማርሚታውም የተበሳ ከሆነ ረሃብ በረሃብ ላይ ይደረባል። ሁለት ዓመት ደጋ ላይ በሰላም የሰራ መጋዝ ቆላ ወርዶ በአንድ ሳምንት ሊነክስ ይችላል። ባለቤቱ ቤንዚኑን ይረግማል፣ ዘይቱን ይረግማል፤ ምክንያቱ ግን ቁልቁለቱ ነው። ስለዚህ ለስራ ዝቅ ወዳለ አገር የምትወርዱ ሁሉ፣ ስትደርሱ መጀመሪያ ካርቡራቶሩን ከፈት አድርጉ፣ ከዚያ ቁረጡ።

በስልካችሁ የምታዩት ቪዲዮስ?

ማርሚታ መክፈት ከየት መጣ ትሉኝ ይሆናል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለትንንሽ ሞተሮች የጭስ ልቀት ደንብ ወጣ። አምራቾች ደንቡን ለማሟላት ማርሚታውን አጠበቡ፣ የካርቡራቶሩን ብሎን ብዙ እንዳይዞር በፕላስቲክ ቆብ ገደቡ። ጉልበት የፈለጉ ቆራጮች ያን የታፈነ መውጫ መክፈት ጀመሩ። ስራቸው ከንቱ ነው አልልም። አዋቂ ሲሰራው የታፈነ ማርሚታ መክፈት ለሞተሩ ጉልበት ይጨምራል፣ ሙቀቱንም ያቀልለታል። ግን ልብ በሉ፤ እነሱ ከፍተው ሲጨርሱ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር በመለኪያ አይተው ካርቡራቶሩን እንደገና ይመጥናሉ። በአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ላይ የሚታየው መብሳቱ ነው። መመጠኑ ተቆርጦ ይቀራል። ግማሹን አይቶ መስራት ደግሞ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ከትራፓኖው በፊት አምስት ነገር

«መጋዜ ሰነፈ» የሚል ሰው ሲመጣልኝ በቅደም ተከተል የምጠይቀው ይህን ነው።

አንደኛ፣ ሰንሰለቱ። የሚወጣውን ሰጋቱራ በእጃችሁ ዘግኑ። ሰፋ ሰፋ ያለ ፍቅፋቂ ከሆነ ሰንሰለቱ ስለት አለው። እንደ ዱቄት የላመ ከሆነ ደንዟል። የደነዘ ሰንሰለት ያለው መጋዝ የቱንም ያህል ጉልበት ቢኖረው እንጨቱን ይፈጫል እንጂ አይቆርጥም። ቤንዚን በሞላችሁ ቁጥር እያንዳንዱን ጥርስ በልኩ በተገዛ ክብ ሞረድ ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ፊት ሳብ አድርጉት። አፈር የነካ ግንድ ከቆረጣችሁ ደግሞ ወዲያውኑ። እኔ ካየኋቸው «ሰነፉ» ከተባሉ መጋዞች ብዙዎቹ የዳኑት በሞረድ ነው።

ሁለተኛ፣ የአየር ማጣሪያው። ፈታችሁ አራግፉት፣ መመሪያው በሚፈቅደው መንገድ እጠቡት፣ በደንብ ሲደርቅ መልሱት። የታፈነ ማጣሪያ ሞተሩን ያጠግበዋል፣ ያሰንፈዋል። ያለ ማጣሪያ መስራት ደግሞ አቧራ እያጎረሱ መግደል ነው።

ሦስተኛ፣ የማርሚታው ወንፊት። ብዙ መጋዞች ጭሱ በሚወጣበት አፍ ላይ ብልጭታ የሚያስቀር ትንሽ የሽቦ ወንፊት አላቸው። ዘይት ሲበዛ በጥላሸት ይደፈናል፣ ሞተሩ ይታፈናል። አውጥታችሁ በሽቦ ብሩሽ አጽዱትና መልሱት። ስንቱ ማርሚታ ወንፊቱ ቢጸዳ በቂ ሲሆን ተበሳ መሰላችሁ!

አራተኛ፣ ቤንዚኑና ዘይቱ። ጥራቱ የታወቀ የሁለት ምት ዘይት ከሆነና መመሪያው 50 ለ1 ካለ፣ ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር፣ ለ5 ሊትር 100 ሚሊ ሊትር ነው። 25 ለ1 ካለ ለ1 ሊትር 40፣ ለ5 ሊትር 200 ሚሊ ሊትር ነው። በግምት ሳይሆን በመርፌ ስሪንጅ ወይም ምልክት ባለው ጠርሙስ ለኩ። የመኪና ሞተር ዘይት አይሆንም። በመንገድ ዳር በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጥ፣ ነጭ ጋዝ ይቀላቀልበት አይቀላቀልበት የማታውቁትን ቤንዚን አትመኑ። ተቀላቅሎ ከወር በላይ የቆየውንም ለመጋዝ አትጠቀሙበት።

አምስተኛ፣ ካርቡራቶሩ ለከፍታችን ተስተካክሏል ወይ? እንዴት እንደሚስተካከል ከታች አለላችሁ።

እነዚህን አምስቱን ጨርሶ አሁንም ማርሚታ ልብሳ የሚል ሰው ጥቂት ነው። ለሱም ቢሆን የምለው አለኝ።

ልብሳ ካላችሁ

መጀመሪያ መጋዛችሁ «ኤች» የሚባለው ብሎን እንዳለው እዩ። በላቲን ፊደል ሁለት ቋሚና በመሃላቸው አንድ አግዳሚ ያለው ምልክት ነው። ሙሉ ጋዝ ሲሰጥ የሚገባውን ቤንዚን የሚመጥነው እሱ ነው። አንዳንድ ትንንሽ መጋዞች የሚኒሞ ብሎን ብቻ ነው ያላቸው፤ ቤንዚን የሚጨመርበት መንገድ የላቸውም። እነሱን መብሳት ክልክል ነው በሉ። አንዳንድ አዳዲስ መጋዞች ደግሞ ራሳቸው በኤሌክትሮኒክስ የሚመጥኑ ናቸው፤ እነሱንም ለአገልግሎት ጣቢያ እንጂ ለትራፓኖ አታሳዩ። ዋስትና ላይ ያለ መጋዝ ከተበሳ ዋስትናው እንደሚቀርም እወቁ።

ሁለተኛ፣ ማርሚታውን ሞተሩ ላይ እንዳለ አትብሱ። የብረት ፍቅፋቂ በጭስ መውጫው ገብቶ ፒስተኑን ይቧጭረዋል። ፍቱት፣ የሞተሩን መውጫ በንጹህ ጨርቅ ድፈኑ፣ ማርሚታውን ለብቻው ስሩ፣ ውስጡን በሚገባ አራግፉ። ስትመልሱት ጨርቁን አትርሱ፣ ጓርኒሲዮኑም የተቀደደ እንዳይሆን።

ሦስተኛ፣ እንደ ወንፊት አትበሳሱት። ያለውን መውጫ በመጠኑ ማስፋት ወይም አንድ ተጨማሪ መውጫ ማድረግ በቂ ነው። መካኒኮች የሚይዙት ልክ አለ፤ የማርሚታው መውጫ ሁሉ ተደምሮ ሞተሩ ላይ ካለው የጭስ ቀዳዳ ስፋት ከ80 በመቶ እንዳይበልጥ። አዲሱ መውጫ ወደ ቤንዚን ታንኩ፣ ወደ ፕላስቲኩ፣ ወደ እጃችሁ እንዳይተፋ አቅጣጫውን ምረጡ። በአዲሱም ቀዳዳ ላይ ወንፊት ይሁን።

ካርቡራቶሩን መመጠን

ይህ ክፍል ለበሳም ላልበሳም ነው።

ሦስት ብሎን ታገኛላችሁ። «ኤች» ለሙሉ ጋዝ ነው። «ኤል»፣ ቆሞ ከታች ወደ ቀኝ የታጠፈው ፊደል፣ ለዝቅተኛ ዙርና ለመነሻ ነው። ሦስተኛው የሚኒሞው ነው፤ አንዳንዱ ላይ «ኤል ኤ»፣ አንዳንዱ ላይ «ቲ» ተብሎ ይጻፋል። «ኤች»ንና «ኤል»ን ወደ ቀኝ ስታዞሩ ቤንዚን ይቀንሳል፣ ወደ ግራ ስታዞሩ ይጨምራል። ይህን በልባችሁ ያዙት፦ ቀኝ ረሃብ፣ ግራ ጥጋብ።

ከመንካታችሁ በፊት ብሎኑን ወደ ቀኝ ቀስ ብላችሁ እስኪቆም አዙሩና ስንት ዙር እንደዞረ ቆጥራችሁ ስልካችሁ ላይ ጻፉ። ከዚያ በቆጠራችሁት ልክ መልሱት። ሲቆም አታጥብቁት፤ ጫፉ መርፌ ነው፣ ይጎዳል። የጻፋችሁት ቁጥር ስትሳሳቱ መመለሻችሁ ነው።

ማጣሪያው ንጹህ፣ ቤንዚኑ አዲስ፣ ሰንሰለቱ የተሳለና የተወጠረ ይሁን። ሰንሰለትና ባር ሳይኖረው ሙሉ ጋዝ አትስጡ። ጆሯችሁን ሸፍኑ፣ ልጆችን አርቁ፤ ሰንሰለቱ ስትመጥኑም ይዞራል። የተበሳ ከሆነ ሞተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት «ኤች»ን ሩብ ዙር ወደ ግራ ክፈቱ። በጥጋብ በኩል ጀምራችሁ ወደ ልኩ ትመጣላችሁ እንጂ በረሃብ በኩል አትጀምሩም። ሞተሩን አስነስታችሁ ሁለት ሦስት ግንድ ቆርጣችሁ በደንብ አሙቁት።

አሁን «ኤል»ን በትንሽ በትንሹ ወደ ቀኝም ወደ ግራም እያላችሁ ሞተሩ ሳትነኩት በጣም የሚፈጥንበትን ቦታ ፈልጉ። ከዚያ ቦታ በጥቂቱ ወደ ግራ ክፈቱት። ጋዝ ድንገት ስትሰጡት ሳያንቀው ከተነሳ ልክ ነው። አንቆት ከተነሳ ትንሽ ጨምሩለት። ቀጥሎ ሚኒሞውን ሞተሩ እንዳይጠፋ፣ ሰንሰለቱም እንዳይዞር አድርጋችሁ አስተካክሉ። ጋዝ ሳትሰጡት ሰንሰለቱ የሚዞር መጋዝ እግር ይቆርጣል።

ወደ «ኤች» እንምጣ። ከእንጨት ውጪ ሆናችሁ ሙሉ ጋዝ ስጡ፤ ሁለት ሦስት ሰከንድ ብቻ፣ ከዚያ ልቀቁ። ድምፁን ስሙ። ትክክለኛው ድምፅ ጥርት ያለ ጩኸት አይደለም። ትንሽ የሚንተባተብ፣ የሚያጉረመርም ነው። ከዚያ ግንድ ውስጥ አስገቡት። ሲቆርጥ መንተባተቡ ጠፍቶ ድምፁ መጥራት አለበት። ስታወጡት ተመልሶ ያጉረመርም። ከእንጨት ውጪ ይንተባተባል፣ እንጨት ውስጥ ይጠራል፤ ልኩ ይህ ነው።

እንጨት ውስጥም የሚንተባተብ ከሆነ ጠግቧል፤ አንድ ስምንተኛ ዙር፣ ማለትም የሩብ ዙር ግማሽ፣ ወደ ቀኝ። ከእንጨት ውጪም ጥርት ብሎ የሚጮህ ከሆነ ተርቧል፤ ወዲያው ጋዙን ልቀቁና ወደ ግራ ክፈቱ። ከተጠራጠራችሁ ግራ ይሻላል። ጥቂት የጠገበ ሞተር ትንሽ ያጨሳል፣ ቤንዚን ይበላል፣ ግን ያድራል። የተራበ አያድርም።

ስማርት ስልክ ለያዛችሁ አንድ ዘዴ ልጨምር። የድምፅ ድግግሞሽ በኸርዝ የሚለካ ነጻ አፕ አለ። ባለ አንድ ሲሊንደር የሁለት ምት ሞተር በእያንዳንዱ ዙር አንድ ጊዜ ያፈነዳል። ስለዚህ አፑ 200 ኸርዝ ካለ 200 በ60 ሲባዛ በደቂቃ 12,000 ዙር ነው። ለብዙ መካከለኛ መጋዞች አምራቹ የሚያስቀምጠው ጣሪያ ከ12,000 እስከ 14,000 ነው፤ የናንተን መመሪያ እዩ። ሞተሩ ሲንተባተብ ግን አፑ ግማሹን ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። ለማገዣ ተጠቀሙበት፣ ፍርዱን ግን ለድምፁና ለካንዴላው ስጡ።

ካንዴላውን ከአንድ ቀን ስራ በኋላ ፍቱት። ጫፉ የቡና ቀለም ከያዘ ልክ ነው። እንደ አመድ ከነጣ ተርቧል። ጠቁሮ ከረጠበ ጠግቧል። ጋዝ ለቃችሁለት ድምፁ ቶሎ የማይወርድ፣ ወይም ዝም ብሎ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ አየር የሚስብበት ቦታ አለ ማለት ነው። ያን በብሎን አትሸፋፍኑ፤ አጥፉና ለመካኒክ አሳዩ።

ስለ ጆሮና ስለ እሳት

የተበሳ ማርሚታ ድምፅ ለወጣት ጆሮ ይጥም ይሆናል። ግን ያልተነካው ቼይንሶው እንኳ በቆራጩ ጆሮ አጠገብ ከ100 ዴሲቤል ያልፋል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሙያ ደህንነትና ጤና ተቋም በ100 ዴሲቤል ያለ ጆሮ መሸፈኛ በቀን ከ15 ደቂቃ በላይ መቆየት ጆሮ ይጎዳል ይላል። በ109 ዴሲቤል ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ሲበሳ ይህ ይብሳል። የጠፋ ጆሮ ደግሞ መለዋወጫ የለውም። በዚያ ላይ ዛፍ ሲንቋቋ፣ ጓደኛችሁ «ሽሽ!» ሲላችሁ የምትሰሙት በዚያው ጆሮ ነው።

እሳቱን አስቡት። የባህር ዛፍ ቅጠል ዘይት አለው፤ በበጋ መሬቱ ላይ እንደ ምንጣፍ ተነጥፎ ይደርቃል። ወንፊት ከሌለው ቀዳዳ የሚወጣ አንዲት ብልጭታ የናንተን ብቻ ሳይሆን የጎረቤትን የስድስት ዓመት ልፋት ትወስዳለች። የጋለ መጋዝ ደረቅ ቅጠል ላይ አታስቀምጡ። ቤንዚን ስትሞሉም ሞተሩ ይጥፋ፣ ይቀዝቅዝ፣ ከሞላችሁበት ቦታ ራቅ ብላችሁ አስነሱ።

የመጨረሻ ቃሌ

አዲስ ነገር መሞከርን አልቃወምም። ገበሬው ሳይሞክር የተሻሻለ ነገር የለም። የምቃወመው ግማሹን ሰርቶ መተውን ነው። ማርሚታና ካርቡራቶር እንደ ጥንድ በሬ ናቸው። አንዱን አፍጥናችሁ ሌላውን ከተዋችሁት ቀንበሩ ይሰበራል።

ለበያጆችና ለመካኒኮችም አንድ ቃል አለኝ። ልጅ መጥቶ «ብሳልኝ» ሲላችሁ መጀመሪያ «ኤች ብሎን አለው ወይ? ማን ይመጥንልሃል?» ብላችሁ ጠይቁት። አንድ ጥያቄ አንድ በሬ ያድናል። እኔ ያን ጥያቄ በስልክ መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልጠየቅሁም።

እነዚያ ሦስት ወንድማማቾች አሁን ፒስተንና ፋሻ አስቀይረው ስራ ላይ ናቸው። ማርሚታውን በያጁ ሦስቱን ቀዳዳ ደፍኖ አንዱን ከነወንፊቱ ተወላቸው። ካርቡራቶሩን አብረን መጠንነው። ታናሽዬው ድምፁን ሰምቶ «ጋሼ፣ ይንተባተባል እኮ፤ ደከመው እንዴ?» አለኝ። «ተወው ይንተባተብ፣ እንጨት ውስጥ ሲገባ ስማው» አልኩት። ግንዱን ነክሶ ሲገባ ድምፁ ጠራ። አባታቸውም ከአጥሩ ስር ሆነው ሰሙት፣ ምንም አላሉም፣ ግን ተነስተው ቀረብ አሉ።

መጋዝ ላለው ጎረቤታችሁ ይህን አሳዩት፤ ማንበብ የሚከብደው ካለ አንብቡለት። የመጋዛችሁን ድምፅ ከእንጨት ውጪና እንጨት ውስጥ ሆኖ አሥር አሥር ሰከንድ ቀድታችሁ ከላካችሁልኝ ሰምቼ የመሰለኝን እመልሳለሁ። በዚህ ጊዜ ስልኩን ቶሎ አልዘጋም።

ሰላም ሁኑ፣ መጪው በጋ የስራ ይሁንላችሁ።